ረቡዕ ምንም የለም

“የቱን ልመን?” አለች የቪዛ ማዕከሉ ሠራተኛ ልጅ ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ። “ቅጹ ለጉብኝት ይላል። ይኼ ደብዳቤ ደግሞ ለንግድ ጋብዘናታል ይላል። አንዱን ይምረጡ፣ ማማ።”

ውባንቺ አንገቷን አስግጋ አየች። ቅጹን ታውቀዋለች። የሞላችላት ልጇ ትንሳኤ ብትሆንም “የጉዞው ዓላማ” ከሚለው ጎን ያለችውን ትንሽ ሳጥን በብዕር ያጠቆረችው ራሷ ናት። ደብዳቤውን ግን ዛሬ ገና ማየቷ ነው። ግርጌው ላይ ያለው ማኅተም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መጋረጃ የምታስመጣበት የኢስታንቡሉ ፋብሪካ ማኅተም ነው።

“ማነው እዚህ ውስጥ የከተተው?” ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

“ኢዮስያስ ነዋ!” አለች ትንሳኤ። “ፋይሉን ያደራጀው እሱ አይደል?”

ኢዮስያስ መሐል ከተማ አንድ ክፍል ቢሮ ተከራይቶ የናይሮቢን ሐበሻ የጉዞ ወረቀት የሚያሰናዳ ጎልማሳ ነው። ትንሳኤ ደወለችለትና ስልኩን እናቷ እንድትሰማው አድርጋ ያዘችው።

“እትዬ ውባንቺ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው!” አለ ገና ሳይጠየቅ። “ደብዳቤው እኮ እውነተኛ ነው፣ ፋብሪካው በደስታ ነው የላከልኝ። ነጋዴ ነኝ ይበሉ፣ በሳምንት ውስጥ ያገኛሉ። ቱሪስት ካሉ ግን እንጃ። ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትሄድ፣ አውሮፕላን ተሳፍራ የማታውቅ ሴት ሲያዩ ይጠራጠራሉ። እኔ ስንቱን አይቻለሁ!”

“ለጉብኝት ነው ብዬህ አልነበረም?”

“እዚያ ከደረሱ በኋላ እንደ ልብዎ ይጎብኙ! ማን ይይዝዎታል?”

ውባንቺ ስልኩን እንድትዘጋው ለልጇ በእጇ ጠቆመቻት። እዚያ ከደረሰች በኋላ ምን እንደሚይዛት ከሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ከባሏ ከአስቻለው ጋር ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ የመጋረጃና የአንሶላ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አስቻለው ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። በነጋዴነት ከሄደች ከመጋዘን መጋዘን፣ ከጥቅል ጥቅል ስትል ልትቆይ ያሰበችው አምስት ቀን ያልቃል፤ ከሱቅ ወጥቶ ሱቅ መግባት ማለት ነው። ወሬውን የሰማችው ጎረቤቷ ኩለሱም እንኳ ከወዲሁ፣ እንዲህ ያለ አምጪልኝ ብላ፣ የአልጋ ልብስ ናሙና ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታላታለች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥር ነው። ኔስሊሃን የምትባለው የፋብሪካው ሻጭ በቪዲዮ ደውላ አዲስ የመጣ ጨርቅ ስታሳያት ውባንቺ፣ “ቀለሙ በአምፖል ብርሃን ያታልላል፣ ወደ መስኮት ውሰጂልኝ” አለቻት። ኔስሊሃን ጨርቁን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። በጨርቁ ጠርዝ በኩል ሰማያዊ ውኃ ብልጭ አለ። ከዚያ ነጭ መርከብ፣ ከመርከቡ ኋላ የሚከተል የወፍ መንጋ።

“ጨርቁን ዝቅ አድርጊው እስቲ” አለች ውባንቺ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ።

ኔስሊሃን ዝቅ አደረገችው። መርከቡ ላይ ሰው ጢም ብሎ ነበር፤ የሻይ ብርጭቆ የያዘ፣ ጋዜጣ የያዘ፣ ልጅ ያቀፈ። “ወዴት ነው የሚሄዱት?” ብትላት፣ “የትም! ከከተማው ከዚህኛው ዳር ወደዚያኛው ዳር ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት በሱ ነው ወደ ሥራ የምመጣው” አለቻት። ውባንቺ ያን ቀን የጨርቁን ቀለም ሳትመርጥ ስልኩን ዘጋች። ያቺን ውኃ ሳልሻገር አልሞትም ያለችው ያን ለት ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ ጠጋ አለችና በገበያ ስዋሂሊዋ፣ “ለጉብኝት ነው የምሄደው። ደብዳቤውን አውጪልኝ” አለች።

ልጅቷ ደብዳቤውን መዝዛ በቀዳዳው መለሰችላት። “መልካም። እንግዲያው የሆቴል ቦታ መያዣና የየቀኑን ፕሮግራም ያምጡ። በየቀኑ የት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚያደርጉ ተጽፎ። ፋይል የምንቀበለው እስከ ስድስት ሰዓት ነው።”

“ካለፈስ?”

“የሚቀጥለው ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።” ልጅቷ ፓስፖርቱን ገለጥ አደረገች። “ይኼ ደግሞ ሊያልቅ ሰባት ወር ነው የቀረው። ከስድስት ወር በታች ከሆነ አንቀበልም። ቢፈጥኑ ይሻላል።”

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ከሃያ ይላል። የፓስፖርት እድሳት ስንት ወር እንደሚፈጅ እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ተግባቡ። ትንሳኤ ፋይሉን ብብቷ ሥር ወተፈች። ሊፍቱን አልጠበቁም፤ አምስቱን ፎቅ በደረጃ እየሮጡ ወረዱ።

ከሕንፃው ማዶ፣ የስልክ መሸጫዎች መሐል፣ ሙቶኒ የምትባል ደልደል ያለች ኬንያዊት የኢንተርኔት ቤት አላት። ሁለት ወንበር ሳበችላቸው። ትንሳኤ ጣቶቿን አፍታታ ጀመረች። በመጀመሪያ ሆቴሉን ያዘች። ሲሰርዙት የማያስከፍል፣ ከመርከብ መሳፈሪያው በእግር አምስት ደቂቃ የሆነ ሆቴል አገኘች። እሱ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። ቀጥሎ ባዶ ገጽ ከፈተችና ከላይ “ሰኞ” ብላ ጻፈች።

“ሰኞ ምን ታደርጊያለሽ?”

አንድ መጋረጃ ስንት ሜትር እንደሚበላ መስኮቱን በዓይኗ ለክታ የምትናገር ሴት፣ ሥራ የሌለበት ቀን በምን እንደሚሞላ ጠፋባት።

“ማሚ፣ ሃሪ አፕ እንጂ!”

“ሰኞማ መድረስ ነው። ደርሼ ሻንጣዬን አስቀምጣለሁ… እተኛለሁ።”

“ቀን?”

“ቀን! በቀን ተኝቼ አላውቅም። ጻፊው።”

ትንሳኤ እየሳቀች ጻፈች። “ማክሰኞ?”

“መርከቧ። ጠዋት እሳፈራለሁ፣ እሻገራለሁ፣ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና።”

“አንድ ቀን ሙሉ መመላለስ? ሲሪየስ ነሽ?”

“የመሳፈሪያው ርካሽ ነው ብላኛለች ኔስሊሃን።”

ሙቶኒ አማርኛውን ባትሰማም ነገሩ ገብቷት ወንበሯን አስጠግታ ነበር። ትንሳኤ ስለ ከተማው የተጻፈ አንድ ገጽ ከፍታ ጮክ ብላ መተርጎም ጀመረች። “የድሮ ቤተ መንግሥት አለ። ትልቅ የተሸፈነ ገበያ…”

“ገበያውን ዝለዪው። መጋረጃ ያለበት ቦታ እንዳታስገቢኝ።”

“ሐጊያ ሶፍያ የሚባል፣ በጥንት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ አለ። ከተማዋ ድሮ ኮንስታንቲኖፕል ነበር የምትባለው ይላል።”

“ምን?”

“ኮንስታንቲኖፕል።”

ውባንቺ ከወንበሯ ብድግ አለች። “ቁስጥንጥንያ? ኢስታንቡል ማለት ቁስጥንጥንያ ናት?”

“እንደዚያ መሰለኝ። ምነው?”

“ምነው ትላለች እንዴ! የዮሐንስ አፈወርቅ አገር እኮ ናት! ስንክሳር በተነበበ ቁጥር ቁስጥንጥንያ፣ ቁስጥንጥንያ ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት። ሰማይ ቤት አጠገብ ያለች ነበር የምትመስለኝ።” ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አደረገች። “አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንሶላ የማስመጣው ከቁስጥንጥንያ ነው? አንቺ፣ ይኼን ያህል ዓመት ማንም አይነግረኝም?”

“እኔ ራሴ ዛሬ ነው የሰማሁት!”

“ሐሙስን ሙሉውን ለሐጊያ ሶፍያ ስጪ። ዓርብንም ጨምሪ። አሮጌዎቹን አብያተ ክርስቲያናት በሙሉ ፈልጊና ጻፊ።”

አሁን ቸኮለች፣ ቃሉ ከአፏ ላይ ይሽቀዳደም ጀመር። የትንሳኤ ጣት ሊከተላት አልቻለም። ሙቶኒም ከጎን ሆና በስልኳ የመርከቡን የመነሻ ሰዓት ፈልጋ ታነብላቸው ነበር። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ መመለስ። መሐል ላይ አንድ መስመር ባዶዋን ቀረች።

“ረቡዕ” አለች ትንሳኤ።

“ረቡዕ ምንም።”

“ምንም አይባልም። በየቀኑ ምን እንደምታደርጊ ነው የጠየቁሽ። ሙዚየም ልጻፍ?”

“ረቡዕ ረቡዕ ዕቃ የሚገባበት ቀን ነው” አለች ውባንቺ። “አባትሽ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ረቡዕ ጥቅል አውርጄ፣ ቆጥሬ፣ ደርድሬ ወገቤ ሳይያዝ የዋልኩበት ጊዜ የለም። አንቺን እንኳ የወለድኩት ረቡዕ ለት፣ ዕቃውን አስገብቼ ነው። ቁስጥንጥንያ ድረስ ሄጄ ረቡዕን ልሮጥበት? ቁጭ ብዬ ውኃውን አያለሁ። ጻፊው እንዳልኩሽ።”

ትንሳኤ እናቷን አንድ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ሳትከራከር “ምንም” ብላ ጻፈችው።

አትም የሚለውን ልትጫን እጇን ስታነሳ መብራት ድርግም አለ። ኮምፒዩተሮቹ ጠቆሩ። ከጎን ካሉት ሱቆች “አ-አ-አህ!” የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ።

“ጠፋ?” አለች ውባንቺ፤ የጠየቀችው ስለ መብራቱ አልነበረም።

“ጽሑፉ አልጠፋም፣ ሴቭ አድርጌዋለሁ፤ ስልኬ ላይም አለ” አለች ትንሳኤ። “ማተሚያ ነው የሌለን።”

አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። ሙቶኒ ጊዜ አላጠፋችም። እህቷ ከዚያ ሁለት መንገድ አልፎ ጄኔሬተር ያለው ማተሚያ ቤት ነበራት። ለሷ ደወለችና ፋይሉን ትንሳኤ እንድትልክላት አደረገች። ከዚያ በር ላይ ወጥታ ባለሞተር አስቆመች። “ይኼ ቦዳ አንድ ሰው ነው የሚጭነው። ቶሎ!”

ትንሳኤ ልትወጣ ስትል ውባንቺ ክንዷን ያዘቻት። “አንቺ እዚሁ ሆነሽ በስልክ ተነጋገሪላቸው። እኔ የእንግሊዝኛ ነገር አይሆንልኝም። እኔ ልሂድ።”

“ማሚ፣ ሞተር እኮ ነው! አንቺ ተሳፍረሽ አታውቂም!”

“አውሮፕላንም ተሳፍሬ አላውቅም” ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች።

ባለሞተሩ በቆሙት ማታቱ ሚኒባሶች መሐል እየተሽሎከለከ ሲበር ውባንቺ መጀመሪያ ማርያም ማርያም አለች። ቀጥላ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ገለጠችው። ነጠላዋ ከአንገቷ ወርዶ በነፋሱ ይርገበገባል፣ የዌስትላንድስ ፎቆች በግራና በቀኝ ይሮጣሉ። ከልጅነቷ በኋላ እንዲህ ብላ ስቃ አታውቅም። ባለሞተሩም ሳቋን ሰምቶ፣ “ልቀንስ ማማ?” ሲላት፣ “ጨምር!” አለችው።

ወረቀቶቹን በእጇ ይዛ ወደ ማዕከሉ ስትገባ ትንሳኤ ከደረጃው ግርጌ ትጠብቃት ነበር። መስታወቱ ጋ ሲደርሱ ለስድስት አራት ደቂቃ ጉዳይ ይላል። ልጅቷ ሁለቱን ገጾች ቆጥራ፣ ፋይሉ ውስጥ አስገባች፤ ማኅተሟንም ከፍ አድርጋ ቧ አደረገችው።

“ይቆዩ” አለች ወዲያው። “ዛሬ ከቆንስላው የመጡ ሰው አሉ። ያነጋግሩዎታል። ልጅዎ ውጪ ትጠብቅ፤ እኔ አስተረጉማለሁ።”

ሰውየው ሸበቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ፋይሉን እያገላበጠ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ልጅቷ ወደ ስዋሂሊ ትመልሳለች።

“ከዚህ በፊት ውጭ አገር ሄደዋል?”

“አልሄድኩም።”

“ኢትዮጵያዊት ሆነው የሚኖሩት ኬንያ ነው። ኬንያ ውጭ አገር አይደለም?”

“ኬንያ የመጣሁት በአውቶቡስ ነው” አለች ውባንቺ። “ሞያሌን ተሻግሮ እንጀራ ፍለጋ መምጣት እንደ ጉዞ አይቆጠርም።”

ልጅቷ ስትተረጉም ፈገግታዋን ዋጠችው። ሰውየው ግን አልሳቀም። “ከእኛ አገር ዕቃ ያስመጣሉ። የንግድ ቪዛ ይቀልዎት ነበር። ለምን ጉብኝት አሉ?”

“ዕቃውን ከዚህ ሆኜም አገኘዋለሁ። ከተማውን ግን ካልሄድኩ አላየውም።”

“እዚያው እንደማይቀሩ በምን አውቃለሁ?”

ይኼ ጥያቄ እንደሚመጣ ኢዮስያስ ነግሯት፣ መልሱንም አስጠንቷት ነበር። ስለ ሱቁ ፈቃድ፣ ስለ ባንክ ሒሳቡ፣ ስለ ልጇ ትምህርት። ያጠናችው ሁሉ ከራሷ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። “አሁን በር ላይ የቆመችው ልጄ በሚመጣው ዓመት ትመረቃለች” አለች። “እዚያ ቀርቼ ማን አብሯት ፎቶ ይነሳል?”

ሰውየው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና የፕሮግራሙን ወረቀት በጣቱ ተከተለ። ጣቱ መሐል ላይ ቆመ። “ረቡዕ ምንም የለም።”

“አዎ።”

“የሚጎበኙትን መጻፍ ረስተውት ነው?”

“አልረሳሁትም። የኔ ረቡዕ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ነው። አንድ ረቡዕ ከውኃው ዳር ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ሻይ እየጠጣሁ መዋል ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር ብጽፍ ውሸት ይሆናል።”

ልጅቷ ስትተረጉምለት ረዘም ያለ መሰለ። ሰውየው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። “ጨርሻለሁ” ብቻ አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አንድ ቀናት ለትንሳኤ የሥቃይ፣ ለውባንቺ የደስታ ነበሩ። ልጇ በየሰዓቱ ስልኳን ትከፍታለች። እናት ግን ቪዛው የተሰጣት ያህል ሱቋ ውስጥ እየተንጎራደደች፣ “እንደምን አደሩ” እና “አመሰግናለሁ” የሚሉትን ቃላት በቱርክኛ ታጠናለች። ኔስሊሃን በስልክ ስታርማት ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ። ኢዮስያስ እንኳ ሁለት ጊዜ ደውሎ፣ “ምንም የለም? እኔ እኮ ከእርስዎ በላይ ጨነቀኝ” አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ መልእክት መጣ፦ ፓስፖርትዎን ይውሰዱ። ተፈቀደ አይልም፣ ተከለከለም አይልም።

ፖስታው ታሽጎ ነው የተሰጣቸው። ትንሳኤ ልትነጥቃት እጇን ስትዘረጋ ውባንቺ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ጫፉን ቀደደች፣ ፓስፖርቱን ከኋላ ወደ ፊት ማገላበጥ ጀመረች። ባዶ። ባዶ። ባዶ። ከዚያ ቀለም ያለው ገጽ፣ የራሷ ደንገጥ ያለ ፊት ከነነጠላው።

“ተሰጠሽ!” ትንሳኤ ደረጃው ላይ ዘለለች። “ማሚ፣ ተሰጠሽ! ሦስት ወር ያገለግላል ይላል!”

ውባንቺ እልልታዋን ለቀቀችው። አምስቱም ፎቅ ሰማው። ዘበኛው ከታች እየሮጠ መጣና ነገሩ ሲገባው ራሱ፣ “ሆንጌራ ማማ! እንኳን ደስ አለሽ!” እያለ እጇን ጨብጦ አልለቅ አለ። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ገና እንባቸውን ሳይጠርጉ የውባንቺ ስልክ ጠራ። ሐሊና ናት፤ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ፣ ሩንዳ ሰፈር አዲስ ቤት የገባች ሴት።

“እትዬ ውባንቺ፣ ኧረ ይድረሱልኝ!” አለች። “የቤቱን መጋረጃ በሙሉ እንዲሠሩልኝ ፈልጌ ነው። አሥራ አራት መስኮት ነው፤ ሳሎኑ ብቻ አምስት። ወሩ በገባ በሃያ እንግዶች ስላሉብኝ ከሱ በፊት ባለው ሳምንት ተሰቅሎ እንዲያልቅልኝ። ዋጋውን እርስዎ ያሉትን።”

አሥራ አራት መስኮት። ገበያው በቀዘቀዘበት በዚህ ወቅት የሦስት ወር ሽያጭ ነው። ሳምንቱም ያው ለጉዞው የተያዘው ሳምንት ነው። የውባንቺ አፍ “እሺ” ሊል ተከፈተ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሌላ ቃል ወጥቶት አያውቅም።

ትንሳኤ የሰማችውን ሰምታ፣ “ማሚ፣ ቪዛው ሦስት ወር አለው እኮ” አለች በሹክሹክታ። “ብትገፊውስ? ችግር የለውም።”

ውባንቺ ልጇን አየቻት። ሦስት ወር ረጅም ነው፣ እውነት ነው። ከአሥራ አራቱ መስኮት በኋላ ግን ሌላ መስኮት ይመጣል፣ ከሱ በኋላ በዓል፣ ከበዓሉ በኋላ የሱቅ ኪራይ መክፈያ። እስከዛሬም የኖረችው እንዲሁ እየገፋች ነው።

“ሐሊናዬ” አለች። “በዚያ ሳምንት አገር ውስጥ የለሁም።”

“ውይ! ዕቃ ሊያመጡ ነው?”

“አይደለም። ልዝናና ነው የምሄደው።”

“እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ግን መጠበቅ የምችል አይመስለኝም፣ እትዬ።”

“አትጠብቂኝ የኔ ቆንጆ። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ማንጠግቦሽ የምትባል አለች፣ እጇ ንጹሕ ነው፣ በቀኑ ታደርስልሻለች። ቁጥሯን አሁኑኑ እልክልሻለሁ።”

ስልኩን ዘግታ፣ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች፣ ደንበኞቿን ስትቀማት የኖረችውን የማንጠግቦሽን ስም ፈልጋ ቁጥሩን ላከች። ከዚያ ፓስፖርቱን ለልጇ አስያዘቻትና፣ “ተነሺ፣ ትኬት ቢሮው ለምሳ ሳይዘጋ እንድረስ” አለቻት።